ፍሪሲዮኑ ምን ነካው? ካምቢዮ ከማውረድ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚያመራው አውራ ጎዳና አማኑኤልን አልፎ ደምበጫ ሲደርስ፣ አንድ መንገድ ከእርሱ ተገንጥሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ደጋ ዳሞት ከፍታና ወደ ፈረስ ቤት ይወጣል። ደምበጫ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርሷ ተነሥቶ በዚሁ ጎዳና አዲስ አበባ ለመድረስ የሚሻ መኪና ደግሞ ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን መልሶ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ረጅም ጉዞ የሚሄድ ባለ ማርሽ መኪና ከዳገት አያመልጥም። ዳገት በብርቱ ከሚፈትናቸው የመኪና ክፍሎች አንዱ ደግሞ ፍሪሲዮን ነው።

በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ የተጫነ ሚኒባስ ሞተሩ እየጮኸ ጉልበት ሲያጣ፣ ከሥሩም የሚቃጠል ነገር ሽታ ሲወጣ፣ ተሳፋሪው ይወርዳል፤ ረዳቱ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ያስገባል። የሚሰጠውም ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ካምቢዮው ይውረድ!» ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ካምቢዮ ማውረድ ከባድ ሥራ ነው፤ መኪናው ይቆማል፤ ባለቤቱም አዲስ ዲስክ ይገዛል። ጥፋቱ በፔዳሉ አጠገብ ባለች ትንሽ ላስቲክ የነበረ እንደ ሆነ ግን ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ይቀራል። ከዚህ የከፋው ደግሞ እውነተኛው ሕመም ሳይታወቅ መኪናው ዳግመኛ ሰው ጭኖ ወደ ዳገቱ መመለሱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሻው፣ የፍሪሲዮን ሕመም አንድም ብሎን ሳይፈታ በአብዛኛው ሊለይ የሚችል መሆኑን ነው። ለዚህም የሚያስፈልጉት ማስመሪያ፣ ጆሮ፣ አፍንጫና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የፊዚክስ ትምህርት ናቸው።

ስሙ ራሱ ሰበቃ ነው

በአገራችን ጋራዦች የሚነገረው ቋንቋ ከጣሊያንኛ ብዙ ተውሷል፤ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ፖምፓ፣ ሞላ የመሳሰሉት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። «ፍሪሲዮን»ም እንዲሁ በጣሊያንኛ «ሰበቃ» ማለት ነው። ስለዚህ ሾፌሩ «ፍሪሲዮን ረገጥሁ» ሲል፣ ሳያስበው የፊዚክስ ቃል መጥራቱ ነው።

የፍሪሲዮን ተግባር የሞተሩን መሽከርከር ወደ ካምቢዮው ማስተላለፍ፣ ሲፈለግም ማቋረጥ ነው። ዋና ዋና ክፍሎቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረው ከባድ ክብ ብረት፣ ማለትም ቮላኖው ነው። ሁለተኛው በሁለቱም ገጹ የሰበቃ ልባስ የተለበጠው ዲስክ ሲሆን፣ ወደ ካምቢዮው በሚገባው ዘንግ ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል። ሦስተኛው ዲስኩን በሞላ ኃይል በቮላኖው ላይ የሚያጣብቀው መጫኛ ሳህን ነው። እግራችን ከፔዳሉ ላይ ሲነሣ ሞላው ዲስኩን ይጫነዋል፤ ሦስቱም እንደ አንድ አካል ይሽከረከራሉ። ፔዳሉን ስንረግጥ ደግሞ የመልቀቂያው ኩሽኔታ ሞላውን ገፍቶ ጫናውን ያነሣል፤ ዲስኩም ነጻ ይሆናል። የእግራችንን ኃይል ወደ ኩሽኔታው የሚያደርሰው በአንዳንዱ መኪና የሽቦ ገመድ ሲሆን፣ በሌላው የፍሬን ዘይት የሚገፋባቸው የላይኛውና የታችኛው ፖምፓ ናቸው።

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ፈረንሳዊው አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 ያቀረበው፣ በኋላም ኩሎም ያጠናከረው ሕግ እንደሚለው የሰበቃ ኃይል በሚነካኩት አካላት የገጽ ስፋት ላይ አይወሰንም፤ የሚወሰነው በሚጫናቸው ኃይልና በገጾቹ ጠባይ ነው። ታዲያ የከባድ መኪና ዲስክ ለምን ትልቅ ይሆናል? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰበቃው ከመሐሉ በራቀ ቁጥር የማዞር አቅሙ ይጨምራል፤ ረጅም እጀታ ያለው መፍቻ የጠበቀውን ብሎን በቀላሉ እንደሚያዞር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ሰፊ ገጽ ሙቀቱንና መበላቱን ለብዙ ቦታ ያከፋፍላል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

አንድ ፍሪሲዮን ሳይንሸራተት ሊያስተላልፍ የሚችለው የማዞር ኃይል፣ ማለትም ቶርክ፣ በሚከተለው ቀመር ይገመታል፦

ቶርክ = የሰበቃ ቁጥር × የጫና ኃይል × አማካይ ሬዲየስ × የሰበቃ ገጾች ብዛት

ለስሌት ያህል የሰበቃ ቁጥሩ 0.35፣ የጫና ኃይሉ 5,000 ኒውተን፣ አማካይ ሬዲየሱ 0.1 ሜትር፣ ገጾቹም ሁለት ናቸው እንበል። ውጤቱ 350 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ሞተሩ ቢበዛ 200 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ከሆነ ፍሪሲዮኑ በቂ ትርፍ አቅም አለው፤ አይንሸራተትም።

አሁን ሁለት ልዩ ልዩ ጥፋቶችን እንመልከት። በመጀመሪያው ከሞተሩ ያፈተለከ ዘይት ዲስኩን ነክቶት የሰበቃ ቁጥሩ ወደ 0.1 ወረደ እንበል፤ አቅሙ 100 ኒውተን ሜትር ብቻ ይሆናል። በሁለተኛው ዲስኩ ደህና ነው፤ ነገር ግን ገመዱ ከልክ በላይ ተወጥሮ ኩሽኔታው ሞላውን ዘወትር ስለሚገፋው የጫናው ኃይል በግማሽ ቀነሰ፤ አቅሙ 175 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ሁለቱም ከ200 ያንሳሉና ሁለቱም መኪኖች በዳገት ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያሉ። የመጀመሪያው ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ሁለተኛው ግን በመፍቻና በጥቂት ደቂቃ ሥራ ይድናል። የምርመራ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች

የፍሪሲዮን ሥራ መያዝና መልቀቅ ነውና ሕመሙም በመሠረቱ ሁለት ነው። ስለዚህ ምርመራው በሁለት ጥያቄዎች ይጀምራል። አልይዝ አለ ወይስ አልለቅ አለ? እነዚህ ሁለቱ ከተለዩ በኋላ ፍለጋው ዘወትር ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከሚታየው ወደማይታየው መሄድ ይገባዋል።

አልይዝ ያለ ፍሪሲዮን

ምልክቱ የሞተሩ ዙር ሲጨምር የመኪናው ፍጥነት አለመጨመሩ ነው። ይህም በመጀመሪያ የሚታየው በዳገት ላይና በከፍተኛ ማርሽ ነው። በአንደኛ ማርሽ መኪናው በቀላሉ ስለሚንቀሳቀስ ፍሪሲዮኑ ብዙ አይጨነቅም፤ በሦስተኛና በአራተኛ ግን መኪናው እንደ ከባድ ጭነት ይቃወመዋል። ስለሆነም ሜዳ ላይ በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየተነዳ ነዳጅ በብዛት ሲሰጥ ሞተሩ ብቻውን የሚጮህ ከሆነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው።

ቆሞም መሞከር ይቻላል። መኪናው በሜዳ ላይ ይቁም፤ ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ ይግባ፤ በአካባቢው ሰው አይኑር። የእጅ ፍሬን ተይዞ ሦስተኛ ማርሽ ይገባና ፔዳሉ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ጤናማ ፍሪሲዮን ሞተሩን ወዲያው ያጠፋዋል። ፔዳሉ ጨርሶ ተለቆ ሞተሩ መሥራቱን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ አይዝም። ሙከራው ራሱ ዲስኩን ስለሚያግል አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል።

ሕመሙ ከታወቀ በኋላ መንሥኤው ይፈለጋል። በመጀመሪያ በፔዳሉ አጠገብ ማስመሪያ ይያዝና በጣት ሲገፉት ክብደት እስኪሰማ ድረስ የሚሄደው ባዶ ርቀት ይለካል። በብዙ መኪኖች ይህ ርቀት ከ5 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ትክክለኛው ልክ በአምራቹ መመሪያ ላይ ይገኛል። ባዶ ርቀት ከሌለ ጥርጣሬው በዲስኩ ሳይሆን በገመዱ ወይም በፖምፓው ላይ ይሁን። ሾፌሩ በጉዞ ላይ እግሩን ፔዳሉ ላይ የማሳረፍ ልማድ ካለውም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ቀጥሎ ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ቦታ ከሥር ይታያል። እዚያ የዘይት እርጥበት ካለ የዘይት መያዣው ላስቲክ አፍስሷል ማለት ነውና አዲስ ዲስክ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም፤ ላስቲኩ ካልተለወጠ አዲሱም ይበላሻል። ባዶ ርቀቱ ልክ ሆኖ፣ ዘይትም ሳይታይ መንሸራተቱ ከቀጠለ ግን ልባሱ ማለቁ ወይም ሞላው መድከሙ አይቀርምና ካምቢዮው ይውረድ።

የመሬት አቀማመጣችንም በዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። ተርቦ የሌለው ሞተር በደጋ ላይ በቂ አየር ስለማያገኝ ጉልበቱ ይቀንሳል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሚቀንስ፣ የበረሃው ሙቀት ታስቦም እንኳ፣ የአየሩ እፍጋት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሞተሩም ይበረታል። በደጋው ላይ ድካሙ ያልታወቀበት ፍሪሲዮን ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጀምር ሊጋለጥ የሚችለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

አልለቅ ያለ ፍሪሲዮን

እዚህ ላይ ምልክቱ የተለየ ነው። ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦም ማርሽ አልገባ ይላል፤ የኋላ ማርሽ ይንጫጫል፤ አንዳንዴም መኪናው ፔዳሉ ተረግጦ ሳለ ወደ ፊት ይጎተታል። ለማረጋገጥ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ ይረገጥና ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ተጠብቆ የኋላ ማርሽ ይገባል። ዲስኩ በእርግጥ ከተላቀቀ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስለሚቆም ማርሹ ያለ ጩኸት ይገባል። ከጮኸ ዲስኩ አሁንም እየዞረ ነው። ጩኸቱ በጉዞ ላይ በአንድ ማርሽ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ከፍሪሲዮኑ ይልቅ በካምቢዮው ውስጥ ነው።

ቀጣዩ ሙከራ ፔዳሉን ደጋግሞ በፍጥነት መርገጥ ነው። ማርሹ በዚህ ጊዜ በቀላሉ የሚገባ ከሆነ በዘይት መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል ወይም ፖምፓው እያፈሰሰ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፈሳሽ ሲጨመቅ ይዘቱ እምብዛም አይቀንስም፤ አየር ግን ይጨመቃል። የእግራችን ኃይል ኩሽኔታውን በመግፋት ፈንታ አየሩን በመጭመቅ ያልቃል። ስለዚህ የዘይቱ ዕቃ ይታይ፤ የታችኛው ፖምፓ የአቧራ መከላከያ ላስቲክ ገለጥ ተደርጎ እርጥበት መኖሩ ይመርመር። የገመድ መኪና ከሆነ ደግሞ ገመዱ ተስቦ ወይም ክሮቹ ተበጥሰው እንደ ሆነ ይታያል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። የፍሬን ዘይት ሲጎድል የሞተር ዘይት መጨመር ፈጽሞ አይገባም። የሞተር ዘይት የፖምፓውን ላስቲኮች ያሳብጣቸዋል፤ ዘይቱ ከፍሬኑ ጋር የጋራ በሆነባቸው መኪኖች ደግሞ ፍሬኑንም ይዞ ይጠፋል። የፍሬን ዘይት ራሱ ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ በጊዜው መለወጥ አለበት። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከሳበ በኋላ ግን ይህ ልክ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል።

ክረምቱን ሙሉ ቆሞ የከረመ መኪና በመስከረም ማርሽ አልገባ ቢለው ደግሞ ሌላ መንሥኤ ይታሰብ። እርጥበት የቮላኖውን ገጽ አዝጎት ዲስኩ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ይህ የመሰበር ምልክት አይደለም፤ ልምድ ያለው መካኒክ ካምቢዮውን ሳያወርድ ሊያላቅቀው የሚችልበት ጊዜ አለ።

ማን ይሽከረከራል?

ድምፅን ለመለየት የሚረዳው አንድ ጥያቄ ነው፤ በዚህች ቅጽበት የሚሽከረከረው የትኛው ክፍል ነው? መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ ሳለ እግር ከፔዳሉ ይነሣ። ወደ ካምቢዮው የሚገባው ዘንግ ከዲስኩ ጋር ይዞራል። በዚህ ጊዜ ድምፅ ካለና ፔዳሉ ሲረገጥ ከጠፋ፣ የዘንጉ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። በተቃራኒው ፔዳሉ ሲለቀቅ ዝም ብሎ ሲረገጥ የሚያፏጭ ወይም የሚያጉረመርም ከሆነ፣ ያን ጊዜ ጫና የሚያርፍበት የመልቀቂያው ኩሽኔታ ነው።

መኪናው ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነም ወዲያው በዲስኩ ላይ መፍረድ አይገባም። ዘይት የነካው ዲስክና በሙቀት የተጎዳ ቮላኖ ያንቀጠቅጣሉ፤ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያዙት የላስቲክ መቀመጫዎች ሲበጣጠሱም ምልክቱ ያው ነው። እነዚህ ግን ከውጭ ስለሚታዩ አስቀድመው ይመርመሩ።

የባጃጅ ፍሪሲዮን

የባጃጅ ፍሪሲዮን በግራ እጅ የሚሠራ ባለ ገመድ ሲሆን፣ ብዙ ስስ ዲስኮች ተደራርበው በሞተር ዘይት ውስጥ ይሠራሉ። «ዘይት ዲስክን ያበላሻል ካላችሁ በኋላ ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚል ቢኖር መልሱ ከላይ ባየነው ቀመር ውስጥ አለ። የሰበቃ ቁጥሩ በዘይት ምክንያት ዝቅ ቢልም የገጾቹ ብዛት ጉድለቱን ያካክሳል። ነገር ግን ለመኪና ሞተር የተዘጋጁ አንዳንድ ዘይቶች ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም ስላለባቸው ይህን ፍሪሲዮን ያንሸራትቱታል። ስለዚህ ባጃጅ ከዘይት ለውጥ በኋላ መንሸራተት ቢጀምር በመጀመሪያ የሚጠየቀው የዘይቱ ዓይነት፣ ቀጥሎም የገመዱ ውጥረት ነው።

ሙቀትና ሕይወት

ፍሪሲዮንን ከሁሉ ይልቅ የሚገድለው ሙቀት ነው። 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን የተጫነ ሚኒባስ በ10 በመቶ ዳገት ላይ በፍሬን ሳይሆን በፍሪሲዮን ተይዞ ቆመ እንበል። ወደ ኋላ የሚስበው ኃይል 2,900 ኒውተን ገደማ ነው። የጎማው ሬዲየስ 0.33 ሜትር፣ በአንደኛ ማርሽ ጠቅላላው የማርሽ ምጣኔ 16 ቢሆን፣ ፍሪሲዮኑ 60 ኒውተን ሜትር ይሸከማል። ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ጊዜ እየዞረ ዲስኩ ስለቆመ በመካከላቸው 6.3 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት እንደሚወስድ ካሰብን፣ ይህ ሁለት ምጣዶች በአንድ ድስት በማትሰፋ ቦታ ውስጥ ታጭቀው እንደ መሥራት ነው። ሙቀቱን የሚቀበሉት ብረቶች 10 ኪሎ ግራም ቢሆኑ በአንድ ደቂቃ ውስጥ በ75 ዲግሪ ገደማ ይግላሉ። መኪናን ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን ይዞ ማስነሣት ለምን እንደሚመከር ከዚህ ቁጥር በላይ የሚያስረዳ የለም።

ቁልቁለትም የራሱ አደጋ አለው። ያው ሚኒባስ ወደ ዓባይ በረሃ 1,000 ሜትር ሲወርድ 29 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይለቃል፤ ይህም ሁለት ምጣዶች ለአንድ ሰዓት ሲሠሩ የሚፈጁት ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ሲወረድ ከዚህ ከፍ ያለውን ድርሻ ሞተሩ ይቀበላል። ፍሪሲዮኑ አልይዝ ካለ ወይም ሾፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ ከወረደ ግን ጉልበቱ ከሞላ ጎደል በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬኑ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይደክማል፤ የፍሬኑ ዘይትም ሊፈላ ይችላል። እንግዲህ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ነገሩ የዳገት ብቻ አይደለም፤ በቁልቁለት የሰው ሕይወት ነው።

በመጨረሻ

ካምቢዮው መውረድ ያለበት ሲሆንም ጥንቃቄ አይለየን። የአሮጌ ዲስኮች ልባስ ሳንባን የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙን በአፍ ወይም በአየር ማራገፍ አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ አለበት። ካምቢዮው አንድ ጊዜ ከወረደ ደግሞ ዲስኩን ብቻ ለውጦ መመለስ ቁጠባ አይደለም፤ መጫኛው ሳህን፣ የመልቀቂያው ኩሽኔታ፣ የዘይት መያዣው ላስቲክና የቮላኖው ገጽ አብረው ይመርመሩ።

በየመንገዱ ዳር ያሉ መካኒኮቻችን ከዚህ ያነሣነውን አብዛኛውን በጆሮና በእጅ ያውቁታል፤ ተማሪው ደግሞ በቀመር ያውቀዋል። ሁለቱ ዕውቀቶች እምብዛም አይገናኙም። ውድ አንባብያን፣ በዕረፍት ጊዜያችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጋራዥ ጎራ ብላችሁ ለጥቂት ቀን ሥራውን ብትመለከቱ፣ የታየውን ምልክት፣ የተደረገውን ሙከራና ካምቢዮው ሲወርድ የተገኘውን እውነተኛ ጥፋት በሦስት ዓምድ ብትመዘግቡ መልካም ነው። ከሃያ መኪና በኋላ በእጃችሁ የሚኖረው መዝገብ ለመካኒኩ ምን ያህል ካምቢዮ በከንቱ እንደ ወረደ ይነግረዋል፤ ለእናንተም የሰበቃ ሕግ ከመጽሐፍ ወጥቶ በዳገት ላይ ሲሠራ ያሳያችኋል።